ለቱሉ ዲምቱ ሰው የምትሆን የኤሌክትሪክ መኪና፦ ምን ይኑራት፣ ስንት ትሁን?

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ስልኬ ሃያ ከመቶ ቀርቶታል። በዚያች ሃያ ከመቶ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጥያቄ ለጠፍኩ። ነገሩ እንደሚያስቅ የገባኝ ከለጠፍኩ በኋላ ነው። ጠዋት ስነሳ መብራቱም መጥቷል፣ ከጥያቄዬ ሥር የተቀጣጠለው የምላሽ ክርም ረዝሟል። እስከ ትናንት 34 ምላሽ ገብቷል። ዘግይታችሁ ለመጣችሁ ያንን ሁሉ ማንበብ ስለሚከብድ፣ እንደገባኝ በራሴ ቃል ልተርክላችሁ። ቁጥሩን ጠብቄያለሁ። አንዳንዱን ዘልዬዋለሁ፤ ስድቡንም አላመጣሁትም።

መነሻው የኔ ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ። በቃሊቲና በሳሪስ አድርጌ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳለሁ። የምነዳት መሪዋ የተዞረ አሮጌ ቪትዝ ናት። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲገባ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። በወር 25 ቀን ብነዳ 1,250 ኪሎ ሜትር ነው። ቪትዟ በቃሊቲ መጨናነቅ ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ትጠጣለች። በዚያ ዋጋ በወር ወደ 8,900 ብር ይመጣል። አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ኪሎ ዋት ሰዓት (ቆጣሪ የሚቆጥርበት የመብራት መለኪያ) ገደማ ይበቃታል። የመብራቱን ሂሳብ ሆን ብዬ አስወድጄ አንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት በ10 ብር አሰብኩት። 1,500 ብር ወጣ።

ከዚያ ደፈር ብዬ ጻፍኩ። ከ1 ሚሊዮን ብር ያልበለጠች ተራ የኤሌክትሪክ መኪና ብትመጣ፣ የከተማው ዳር ነዋሪ ተሰልፎ ይገዛታል። አራት በር ይኑራት። የምር 200 ኪሎ ሜትር ትሂድ። ሆዷ ከፍ ይበል። ስኮርታ ጎማ ይኑራት። ከተራ ሶኬት ቻርጅ ትደረግ። የማልፈልገውንም ዘረዘርኩ፦ የሚከፈት ጣሪያ፣ ቴሌቪዥን የሚያህል ስክሪን፣ በቻይንኛ የምታናግረኝ ሴትዮ። ምን ትጨምራላችሁ፣ ምን ትቀንሳላችሁ ብዬ ጠየቅኩና ስልኬ ተዘጋ።

1ኛው ምላሽ ከለገጣፎ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሰላምታው ብቻ ሁለት መስመር ይሆናል። በሐሳቡ ይስማማል፣ በ200 ኪሎ ሜትሩ ግን አይስማማም። በቀን 50 ለሚነዳ ሰው 200 ምን ያደርጋል ባይ ነው። የመኪናዋ ውዱ ዕቃ ባትሪው ስለሆነ፣ ለማንጠቀምበት ባትሪ ለምን እንከፍላለን? ምሳሌ ያደረጋት ውሊንግ ሆንግጓንግ ሚኒ የምትባለውን ባለ ሁለት በር ትንሽ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ቻይና ውስጥ ስትወጣ መነሻ ዋጋዋ 28,800 ዩዋን ነበር። በአንድ ሙሌት 120 ወይም 170 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ለሱ 120ው በቂው ነው፤ ማታ ማታ እየሰኩ መተኛት ነው።

2ኛው የራይድ ሾፌር ነው። ሰላምታውን በትህትና መልሶ ሐሳቡን አፈረሰው። እሱ በቀን እስከ 180 ኪሎ ሜትር የሚነዳበት ጊዜ አለ። ሁለት በር ያላት መኪና ደግሞ ደንበኛን ወንበር አጥፎ ከኋላ ማስገባት ማለት ነው። ሌላም ጠቃሚ ነገር አነሳ። የቻይናው መለኪያ የሚያወጣው ኪሎ ሜትር የተጋነነ ነው። ለማስረጃ ቢዋይዲ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራትን ሲጋልን ጠቀሰ። 30 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያላት በቻይና መለኪያ 305 ኪሎ ሜትር ተብላለች። አውሮፓ ውስጥ ዶልፊን ሰርፍ በሚል ስም ስትሸጥ፣ ያንኑ የሚያህል ባትሪ ይዛ የተጻፈላት 220 ነው። ስለዚህ 120 የተባለችው መኪና የምር ስንት እንደምትሄድ ከለገጣፎው ወንድማችን ጋር ቁጭ ብሎ ማስላት ይፈልጋል።

3ኛው እየተከታተለ መሆኑን ብቻ ጻፈ። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ክር አይቼ አላውቅም።

4ኛው ትራንዚተር ነው፤ ዕቃ ከጉምሩክ በማስለቀቅ ነው የሚኖረው። የኔን 1 ሚሊዮን ብር ቀስ እያደረገ ገነጣጠላት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 ሲጋል ቻይና ውስጥ በቅናሽ መነሻዋ 55,800 ዩዋን ገብታ ነበር። ይህ 7,750 ዶላር ገደማ ነው። አንዱን ዶላር በ130 ብር ቢመቱት 1,007,500 ብር ይሆናል። እንግዲህ መኪናዋ ገና ከቻይናው ሱቅ አልወጣችም፤ የኔ ሚሊዮን አለቀች። ማጓጓዣና ኢንሹራንሱ 200 ሺህ ብር ቢሆን ብሎ አሰበ። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቀረጥ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ፣ ተገጣጥማ የምትገባው ላይ 15 በመቶውን ትቶት ነበር። ድምሩ 1 ሚሊዮን 390 ሺህ ገደማ ሆነ። የጅቡቲ ወደብ፣ የመኪና ጫኝ፣ የሻጩ ትርፍ ገና አልተነኩም።

በመጨረሻ የጻፋት ነገር ናት ያበሳጨችኝ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት በነበረው በ57 ብር ምንዛሪ ቢሆን፣ ያቺው 7,750 ዶላር 442 ሺህ ብር ነበረች። ያን ጊዜ ደግሞ እኔ ቪትዟ ትበቃኛለች እል ነበር።

5ኛው አራሚ ነው። ቻይና ውስጥ ያለው የሱቅ ዋጋ 13 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንዳለበትና ወደ ውጭ ለሚላክ ዕቃ ያ ታክስ እንደሚመለስ አስታወሰ። ስለዚህ ሂሳቡ ከ55,800 ሳይሆን ከ49,400 ገደማ መጀመር አለበት፤ በብር ከመቶ ሺህ በላይ ይቀንሳል። ትራንዚተሩ በ6ኛው ተመለሰ። እርማቱን በምስጋና ተቀበለ። ሆኖም ተመላሹ የሚገባው ላኪው ኪስ እንጂ የኛ ኪስ እንዳልሆነ ጨመረበት።

7ኛዋን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። አንዲት እህት ናት፤ የዕቁብ ጸሐፊ ነች። ትራንዚተሩ የደከመበትን ሁሉ ወደ ጎን ትታ፣ ዋጋ የሚወስነው ዶላሩ ሳይሆን ዕቁቡ ነው ብላ ተነሳች። የሷ ዕቁብ 40 ሰው አለው። በወር 25 ሺህ ይጥላሉ። ዕጣ የወጣለት 1 ሚሊዮን ይወስዳል። እሷ በምታውቃቸው ዕቁብተኞች ዘንድ መኪና ማለት አንድ ዕጣ ማለት ነው። ዋጋው 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ከገባ መዋጮው 35 ሺህ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግማሹ ሰው ይወጣል። ስለዚህ የኔ 1 ሚሊዮን ከሰማይ የወረደ ቁጥር እንዳልሆነ መሰከረችልኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሁለተኛውን አንቀጽ አመጣች። 40 ሰው ማለት 40 ወር ነው። በመጀመሪያው ወር የወጣለት መኪና ይገዛል። በመጨረሻው ወር የሚወጣለት ሰው በዚያው ሚሊዮን የሚገዛው ምን እንደሆነ እግዜር ነው የሚያውቀው። አንዳንዱ ዕጣውን በኪሳራ ሸጦ የሚወጣው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ጽፋለች። ከኔ ሂሳብ ጋር አያያዝኩት። በወር ከቤንዚን የማተርፈው 7,400 ብር ከዕቁቡ መዋጮ ሲሶውን እንኳ አይሸፍንም።

8ኛው ወጣት ይመስለኛል፣ ተስፋ አለው። እዚሁ ቢገጣጠም ይረክሳል ባይ ነው። በዚያው የ2022 ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣ ቀረጡ ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ መደረጉን አስታወሰ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ባለድርሻ የሆነበት ማራቶን ሞተር እ.ኤ.አ. በ2020 የሃዩንዳይ አዮኒክ ኤሌክትሪክ መኪና እዚህ ገጣጥሞ እንዳሳየም አነሳ። 9ኛው ወዲያው ቀዘቀዘበት። ከ15 ወደ ዜሮ ቢወርድ የሚተርፈው ያው 15 በመቶ ነው። ከዚያ ላይ የፋብሪካው ኪራይ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የመብራት መቆራረጡ አለ። ባትሪው ያው ከውጭ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ ነው ለሱ። ወጣቱ ተከፋ መሰለኝ፣ ዳግም አልጻፈም።

እስከዚህ ድረስ ክሩ የተከበረ ስብሰባ ይመስል ነበር። 10ኛዋ ስትመጣ ነገሩ ተቀየረ።

ነርስ ናት። ድንገተኛ ክፍል ትሠራለች። ወደ 1ኛው ምላሽ ተመልሳ የውሊንጓን ሚኒ ያዘቻት። ያቺ መኪና መጀመሪያ በ28,800 ዩዋን ስትወጣ ኤርባግ እንዳልነበራት አስታወሰች። ርካሽ ያደረጋትም አንዱ ይኸው ነው አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በምኞት ዝርዝሬ ውስጥ ስኮርታ ጎማ አለ፣ ስክሪን አለ፣ ሴትዮዋ እንኳ አለች፤ ኤርባግ የሚባል ቃል ግን የለም። እውነቷን ነው። አፈርኩ። 11ኛው ሰው መከራከሪያ ያገኘ መስሎት ባጃጅ ኤርባግ ይቅርና በርም እንደሌለው ጻፈ። በ12ኛው የሰጠችው መልስ አጭርና ከባድ ነበር። የባጃጅ ተሳፋሪዎችን እሷ እንደምታያቸው፣ እሱ እንደማያያቸው ነው የነገረችው። ማንም አልመለሰላትም። እኔ ወደ መነሻው ሄጄ ኤርባግን ከሁሉም በላይ ጻፍኩት። መኪና እንዳትንሸራተት የሚቆጣጠረውን ስታቢሊቲ ኮንትሮልንም ጨመርኩ፤ በክረምት የቃሊቲን አስፋልት በዝናብ የነዳ ይገባዋል።

13ኛው ከኮዬ ፈጬ የጻፈ ጎሚስታ ነው። ስለ ዋጋ አንድ ቃል አልተናገረም፣ ስለ ጎማ ግን ገጽ ሞላ። እነዚህ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪ ስለተሸከሙ ከመልካቸው በላይ ይከብዳሉ፤ ጎማ ቶሎ ይበላሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ስኮርታ የላቸውም፣ ሙጫና መንፊያ ብቻ ተሰጥቷቸው ይመጣሉ። ያ ሙጫ ለምስማር ቀዳዳ ይሆናል። በሹል ድንጋይ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ አይሆንም። ስለዚህ የሚመኘው ግልጽ ነው። በማንኛውም ሱቅ የሚገኝ ቁጥር ያለው ጎማ፣ ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ከባትሪው ሥር ደህና ብረት። 14ኛው ስለ ብረቱ አጥብቆ ደገፈው። የጎረቤቱ መኪና ሆዷን ድንጋይ መትቷት ባትሪው ላይ ጭረት ተገኘ። ጋራዡ እንደ ሌላ መኪና ቀጥቅጦ ሊመልሳት አልደፈረም። 15ኛው ስለ ጎርፍ ጠየቀ። 16ኛው መለሰለት፦ ብዙዎቹ ባትሪዎች አይፒ67 በሚባለው ደረጃ የተሠሩ ናቸው፤ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማሉ። ይህ ፈተና ነው፣ የመዋኛ ፈቃድ አይደለም ብሎም አስጠነቀቀ።

17ኛው የሚያመሰግነው ጠፍቶ እንጂ ደህና ነገር ነው ያነሳው። ከፍታችን ለኤሌክትሪክ መኪና ይመቻል። 2,400 ሜትር ላይ ተርቦ የሚባለው አየር መጭመቂያ የሌለው የቤንዚን ሞተር አየር አንሶት ከጉልበቱ ሲሶ ባይሆንም አምስተኛውን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ሙቀቱም ብርዱም መካከለኛ ስለሆነ ባትሪው አይሰቃይም። ስጋቱ ቁልቁለቱ ነው ብሎ ስለ አዳማ አወራ። ከቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ ተነስቶ አዳማ መውረድ ቀላል ነው። ሲመለሱ ግን ወደ 500 ሜትር ሽቅብ አለ። 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና ለሽቅቡ ብቻ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። በፍጥነት መንገዱ ላይ በ100 እየነዳችሁ ደርሶ መልስ ብትሉ ባለ 30ው ባትሪ ላብ ላብ ይለዋል። የቅዳሜ ቁርጥ አምሯችሁ አዳማ ለምትወርዱ ይታሰብበት።

18ኛው ጡረታ የወጡ ኤሌትሪሺያን ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የመለስንላቸው። በሐሳብ ይህን ክር ለሁለት ይከፍሉታል፤ ከሳቸው በፊትና ከሳቸው በኋላ።

ጋሼ የጀመሩት በጥያቄ ነው። መኪናዋ ስንት ትሁን ከማለታችሁ በፊት የት ትሰካ? ከተራ ሶኬት 10 አምፒር ብትወስድ፣ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎ ዋት ነው። ባዶ የሆነ ባለ 30 ባትሪ ለመሙላት 14 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፣ ፈጣን ቻርጀር ልግዛ ይላል። እሳቸው ግን ተረጋጉ አሉ። እኔ በቀን 50 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ የምፈልገው 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። በተራ ሶኬት ሦስት ሰዓት ገደማ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ የአንድ ቀን መንገዴ ምጣድ ሁለት ሰዓት ላልሞላ ጊዜ ጥዶ እንደመጋገር ነው። በዚህ መንገድ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ኪሎ ዋት ሰዓት ለኔ የቆጣሪ ካርድ ላይ የሚያልቅ ቁጥር ነበር። አሁን በምጣድ ነው የማስበው።

ቀጥለው ቆጣ አሉ። ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ኤክስቴንሽን ጥሎ መኪና መሰካት ቤት ማቃጠል ነው። ቀጭን ሽቦ፣ እሱም ተጠቅልሎ፣ ለሦስት ሰዓት 10 አምፒር ሲያልፍበት ይግላል። በዝናብ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የሚሻለው ከቆጣሪው በወፍራም ሽቦ የራሱን መስመር ማውረድ፣ የራሱ ብሬከር መስጠት፣ ኧርዙን (ወደ መሬት የሚወርደውን መከላከያ ሽቦ) በባለሙያ ማስፈተሽ ነው። ከመኪናዋም አንድ ነገር ይመኛሉ። የምትወስደውን አምፒር ከውስጥ ሆኖ 6፣ 8፣ 10 እያሉ መቀነስ መቻል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ምጣድና ምድጃ ሲሰካ፣ መኪናዋ ቀስ ብላ ትጠጣ። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ትጨምር። ይህች ነገር የሚከፈት ጣሪያ የሚወጣበትን ገንዘብ እንደማትፈጅም ጻፉ።

ጋሼ ምጣድ የምትለውን ቃል ባያነሱ ኖሮ ጥሩ ነበር። ከ19 እስከ 23 ያለው በሙሉ ስለ ምጣድ ሆነ። የጀመረችው አንዲት እናት ናት። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ውጭ መብራት እንደሚሰጥ ሰምታለች፤ መብራት በጠፋ ቀን ቡኮው እንዳይበላሽ በመኪናው መጋገር ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። የራይድ ሾፌሩ መልስ ሰጠ። ቪቱኤል የሚባለው ይህ ነገር ባላቸው ብዙ መኪናዎች ላይ እስከ 3.3 ኪሎ ዋት ድረስ ነው። ምጣዱ 3.5 ነው። ለጥቂት ነው የሚያመልጠው። ሌላው የነሱ ምጣድ አነስ ያለ እንደሆነ ጻፈ። አንዷ ግማሽ ግማሽ እንጀራ መጋገር ይቻላል ብላ አሳቀችን። እኔ በመሀል ወደ ርዕሳችን እንመለስ ብዬ ጣልቃ ገባሁ፤ የሰማኝ የለም። ግን ከዚህ ሁሉ ሳቅ አንድ ነገር ወሰድኩ። ፍሪጅ፣ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀርና የቅዳሜን ኳስ የሚያሳይ ቴሌቪዥን 3.3 አይሞሉም። በየጊዜው መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው መኪናዋ ትልቅ ባትሪም ናት። ቪቱኤልን ዝርዝሬ ውስጥ አስገባሁት።

በ24ኛው አንድ ሰው ይህ ሁሉ ስጋት አልገባውም። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ታዲያ ስለ መብራት ማልቀስ ለምን? 25ኛው ምጣዱን ትቶ እሱን ያዘው። ግድቡን ማንም አልካደም፤ ችግሩ ከጉባ እስከ ቱሉ ዲምቱ ሳይሆን ከትራንስፎርመሩ እስከ ብሎኩ ያለው ሽቦ ነው። በአንድ ብሎክ አሥር መኪና በአንድ ሌሊት ቢሰካ ምን እንደሚሆን ጋሼ ይንገሩን። ጋሼ አልመለሱም፣ ተኝተዋል መሰለኝ። 26ኛውን ግን አልተርከውም። አገር መውደድና አለመውደድ ውስጥ ገባ። አጥፉት ብዬ ጠየቅኩ፣ ጠፋ።

27ኛው ከሁሉም የተናደደው ነው። እሱም ከኮዬ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል የሚኒባስ ሰልፍ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ሲያነብ መቆየቱን ጻፈ። 1 ሚሊዮን ብር ርካሽ የሚባልበት ክር ውስጥ እንደሱ ያለ ሰው ቦታ እንደሌለው ነው የገባው። ለዕቁቧ እህት አላዘነላትም፤ 25 ሺህ በወር የሚጥል ሰው ድሃ አይባልም። ስለ ርካሽ መኪና ከምታወሩ ሚኒባሱ ኤሌክትሪክ ቢሆንና ሰልፉ ቢያጥር አይሻልም ወይ ነው ጥያቄው። ለመመለስ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። እኔም ሰልፉን የተውኩት ቪትዟን የገዛሁ ቀን ነው። የራይድ ሾፌሩ ግን ጥሩ አድርጎ መለሰለት። በቀን 180 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ታክሲ ከቤንዚን ሲወጣ የሚያተርፈው በቀን 50 ከሚነዳ የቤት መኪና ሦስት እጥፍ ተኩል ነው። ስለዚህ በሂሳብም ቢሆን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ መሆን ያለበት ሚኒባሱ ነው። ይህ 28ኛው ነው። ሁለቱ ተስማሙ፤ እኔ በራሴ ክር ላይ ተሸነፍኩ።

29ኛው ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ርካሽ መኪና ርካሽ ተብላ ከተጠራች አትሸጥም ባይ ነው። ህንድ ውስጥ ታታ ናኖ እ.ኤ.አ. በ2008 ስትተዋወቅ 100 ሺህ ሩፒ ትሆናለች ተብሎ የዓለም ወሬ ሆና ነበር። በ2018 ምርቷ አቆመ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሰው በጣም ርካሿን መኪና የገዛ መባልን አለመፈለጉ ነው። እዚህም ሠርግ ቤት በር ላይ በምን መጣህ የሚል ዓይን እንዳለ አስታወሰን። አባቴ በቮልስ ነበር ሠርግ የሚሄደው፣ ማንም አልሳቀበትም። ግን ያኔ ቮልስም የምታስከብር መኪና ነበረች።

30ኛውና 31ኛው ስለ መለዋወጫ ናቸው። የአንዱ እህት መኪና የጎን መስታወቷ ተሰብሮ ከሁለት ወር በላይ ጠበቀች። ለቪትዝ ቢሆን ሶማሌ ተራ ሄዶ ከሰዓት በፊት ገጥሞ መመለስ ነበር። ሌላው ደግሞ የቻርጅ ማድረጊያው አፍ አንድ ዓይነት እንዲሆን ይለምናል። ከቻይና ለቻይና ገበያ ተሠርታ የመጣችው ጂቢቲ የሚባለው ነው ያላት፤ ለአውሮፓ የተሠራችው ሲሲኤስ2። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ መክፈቱን አስታውሶ፣ የሚቀጥሉት ከቃሊቲ ወዲህ ቢሆኑ ብሎ ተመኘ። ስክሪኑም አማርኛ ቢናገር አይጠላም።

እዚህ ላይ 32ኛውን እኔ ጻፍኩ። የመነሻዬን ዋጋ ሰርዤ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ አደረግኩት። ትራንዚተሩ አሸንፎኛል። ዝርዝሬም ተለወጠ። ኤርባግ አንደኛ። ስኮርታና የሆድ ብረት። አምፒር መቀነሻ። ቪቱኤል። የምር 200 ኪሎ ሜትሩን አልነካሁትም፤ የለገጣፎው ሰው ይቅር ይበለኝ፣ እናቴ አዳማ ናት።

33ኛው ሰው አስደነገጠኝ። የኔው ብሎክ ሰው ነው፣ አንደኛ ፎቅ። በቪትዟ ነው ያወቀኝ። የጋሼን ጽሑፍ አትሞ ለብሎኩ ኮሚቴ ሰጥቷል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። መኪና ማቆሚያው ጋ በጋራ አንድ የራሱ ቆጣሪ ያለው መስመር ይውረድ። አራት ሶኬት ይገጠምበት። የሰካ ሰው ካርድ ይሙላ። መኪና የሌለው ሰው ሳንቲም አያዋጣ። ከጠየቃቸው ስድስት ሰዎች አንዱም የኤሌክትሪክ መኪና የለውም፤ ሁለቱ ግን የምንሰካበት ቢኖር እንገዛ ነበር ብለውታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስብሰባ አለ። ጋሼም በእንግድነት እንዲመጡ ጋብዟቸዋል፤ እሺ ብለዋል። ሻዩ በኔ ላይ ነው።

34ኛው ትናንት ማታ ገባ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪናው አንድም ቃል የለውም። ከ2016 ዓ.ም. ጥር ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ጠቅሶ፣ አሮጌ ቪትዝ እንደ ወርቅ እየተፈለገ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ የስንት ዓመተ ምህረት ስሪት እንደሆነች፣ ቦሎዋ መታደሱን፣ የመጨረሻ ስንት እንደምላት ጠየቀ። ደላላ አለመሆኑንም ጨመረ። እስካሁን አልመለስኩለትም። ዛሬ ጠዋት ግን ወርጄ አጠብኳት።